በኋላ ማርሽ ወደ ጀልባው

«ተያቸው ባክሽ፣ ያቅዱ። ማቀድ ማንን ገደለ? የትም አይሄዱም እኮ።»

እንዲህ ያለው የራሷ ልጅ ነው። የሰማችው ደግሞ እሷው እናቱ ናት፤ ያውም በልጇ ሳሎን፣ ወንበር ላይ ቆማ፣ ግማሹን የሰቀለችው አዲስ መጋረጃ ትከሻዋ ላይ ወርዶ ከአናቷ እስከ ተረከዟ ሸፍኗት። ልጁ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከመኝታ ቤት ሲወጣ እናቱ ወጥ ቤት ገብታ ሻይዋን የምትጠጣ መስሎታል። እሷ ደግሞ «አለሁ» እንዳትል በከንፈሮቿ መሃል ስፒል ነክሳለች። መጋረጃ ሰፊ ስፒሏን የምታስቀምጠው አፏ ውስጥ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው እንዲያ ነው፤ ሥራ ላይ ሳለች ሰው ቢጠራት በአፍንጫዋ «እህ» ከማለት ሌላ መልስ የላትም። ታዲያ ዛሬም ዝም አለች። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?

«ሐኪሙ ለኔ ለብቻዬ ነግሮኛል» አለ ልጇ፣ ከጀርባዋ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ። «የአባዬ ሁለቱም ዓይኖች ናቸው። ዳር ዳሩን ነው እንጂ መሃሉን አያይም ነው የሚለው። ሰው ፊት ለፊቱ ቢቆም ትከሻውን ያያል፣ ፊቱን አያይም። እንዲህ ሆኖ መሪ ይጨብጣል? ለማን ልንገር ታዲያ? ለሱ ብነግረው ልቡ ይሰበራል። ለእማዬ እንዳልነግራት እሷ ሆዷ ውስጥ ነገር አያድርም። አይ፣ ምን ያጣላናል? ማታ ሄጄ መኪናዋን እወስዳታለሁ። ከመንገድ በፊት ጋራዥ ገብታ ትታይ እላቸዋለሁ። አንዴ ከገባች ዕቃ ጠፋ፣ ዕቃ አልመጣም እያልኩ ወራቱን እገፋዋለሁ። እስከዚያ ይረሱታል።» ከዚያ ዝም ብሎ ብዙ አዳመጠ። ማዶ ያለችው እህቱ ምን እንዳለችው እንጃ፣ መጨረሻ ላይ ድምፁ ቅጥን ብሎ «እኔስ አሳዝነውኝ አይደል?» አለና ዘጋ።

መጋረጃ ሰፊዋ ወንበሩ ላይ እንደቆመች ቀረች። ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ እያወጣች ጨርቁ ላይ ሰካች፣ የቀሩትን ቀለበቶች ዘንጉ ላይ አስገባች፣ እጥፋቶቹን ከላይ እስከ ታች በመዳፏ አስተካከለች። እጇ ሥራውን ያውቀዋል፣ እሷን አይጠይቃትም። የባሏ ዓይን ነው ይበልጥ የጎዳት ወይስ «የትም አይሄዱም» የሚለው፣ ለራሷም አልለይላት አለ። ስለ ዓይኑ ስታስብ ሆዷ ይባባል፤ ያኛውን ስታስብ ደግሞ ደሟ ይፈላል። ሁለቱ ባንድ ሆድ ውስጥ አንስማማም ብለው ታገሏት።

«እንዴ እማዬ! እዚህ ነበርሽ?» አላት ልጇ ከመታጠቢያ ቤት ሲመለስ፣ ፎጣውን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። «የት ልሁን? መጋረጃ ስቀይልኝ ብለህ ጠርተኸኝ» አለች። ከወንበሩ ሲያወርዳት እጇን ጠበቅ አድርጎ ያዛት። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ይህን እሷም ታውቃለች። ባንክ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጦ ለሰው «አይቻልም» ሲል ስለሚውል ነው መሰለኝ፣ አይቻልም የሚለው ቃል አፉ ላይ ቶሎ ይመጣለታል። ስለ ጨርቁ አወሩ። ሜትሩን በስንት እንደገዛው ነገራት። «ዘርፈውሃል» አለችው። «ሱቁ ሁሉ አንድ ዋጋ ነው» አለ። «ሱቁ ሁሉ ዘራፊ ቢሆንስ?» አለችው። ሌላ ቀን ቢሆን ይሳሳቁ ነበር። ዛሬ ግን ጎን ለጎን ቆመው መጋረጃውን አዩት፤ ቡናማ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ብርሃን አያስገባም። «ማታ ብቅ ማለቴ አይቀርም፣ አባዬን ልየው» አለ። «ና፣ ቤትህ አይደል?» አለችውና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ሻይዋ ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ እንደተቀዳ ቀረ።

አውቶቡሱ ውስጥ መስኮት ዳር ቦታ አገኘች። ባሏን ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ናና» ነው የሚለው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ወደቡ ላይ፣ መኪና የሚያሻግረው ጀልባ ላይ መኪና አስገቢ ነበር። ሥራው ይኸው ነው፤ የብረቱ መወጣጫ ጫፍ ላይ ቆሞ «ና፣ ና፣ ና፣ ግራ ቁረጥ፣ መልስ፣ ና፣ በቃ!» ማለት። የድሮ ጀልባ በሩ ባንድ በኩል ብቻ ስለሆነ መኪናው የሚገባው በኋላ ማርሽ ነው፤ ማዶ ሲደርስ በፊቱ እንዲወጣ። ስንቱን አገር ያቋረጠ ጎበዝ ሾፌር እዚያች መወጣጫ ላይ ሲደርስ እጁ ይርዳል፤ ከኋላው ያለው ውሃ ነዋ። ጋሽ ናና ግን ጣሪያውን በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ ካደረገ፣ ገብተሃል፣ ሞተር አጥፋ ማለት ነው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በመስኮት «ወዴት ነህ?» ይላል። ይህን ያዘዘው የለም፤ የራሱ ጠባይ ነው። ሾፌሮቹም ይነግሩታል፤ የትኛው ከተማ፣ በየትኛው ድንበር፣ ከዚያ የትኛው ጀልባ፣ የትኛው ካፒቴን ቁጡ እንደሆነ። ማታ ቤት ሲገባ እራቱን እየበላ የሰው መንገድ ያወራላታል። እሱ ራሱ ግን ጀልባው ሲነሳ መሬት ላይ ይቀራል፣ ቀጣዩን ሰልፍ ሊያስይዝ። ያን ሁሉ ሰው አሻግሮ ማዶን የሚያውቃት ከዚህ ሆኖ ነው።

ሴት ልጃቸው የወለደች ጊዜ ነው ነገሩ የተነሳው። የምትኖረው ከአራት አገርና ከሁለት ባሕር ወዲያ ነው፤ ከሄደች ወዲህ በዓይነ ሥጋ አላዩዋትም። ልጁ «የአውሮፕላን ትኬት ልግዛላችሁ፣ ቁርሳችሁን እዚህ ምሳችሁን እዚያ» ቢል ጋሽ ናና ወይ ፍንክች። «ሰው ሁሉ ሲሻገር ቆሜ አየሁ። አሁን ደግሞ ከላይ ላይ በርሬ ልለፈው?» አለ። ከዚያ ወዲህ ያቅዳል። እቅዱም የጉድ ነው፤ ጀልባ ጀልባውን ብቻ ነው የሚያውቀው። ከጀልባ እስከ ጀልባ ያለውን መንገድ «እሱ እንኳ መሬት ነው» ብሎ ያልፈዋል። አንዴ ልጅቷ በስልክ «አባዬ፣ ያ ወንዝ ላይ ያልከው ጀልባ እኮ ቀርቷል፤ ድልድይ ተሠርቶበታል» ብትለው የሰው ሞት እንደተረዳ ሰው እህል አልቀምስ አለ። ማታ ላይ «ታዲያ እዚያ ይሠሩ የነበሩት ሰዎች የት ገቡ?» ብሎ ሚስቱን ጠየቃት። በማግሥቱ ወንዙን ወደ ላይ ተከትሎ በገመድ የምትጎተት አንዲት ትንሽ ጀልባ አገኘ፤ ድልድዩን ሽሽት መንገዱ በአንድ ቀን ረዘመ። እሷ ስቃ ልትሞት! ግን አልከለከለችውም። በሷ ሐሳብ እሱ ይነዳል፣ እሷ ብርቱካን እየላጠች ታጎርሰዋለች፣ ማታ ማታ ውሃ ዳር ቆመው ሻይ ይጠጣሉ። ዛሬ አውቶቡሱ መስኮት ላይ ግንባሯን አስደግፋ ያንን ብርቱካን አሰበችና እንባዋ መጣ።

ከአውቶቡስ ወርዳ ወደ ሰፈር ስትታጠፍ በመካኒኩ ጋራዥ በኩል ነው የሚታለፈው። መኪናዋ ከበሩ ላይ ቆማለች፤ ረጅሟ፣ አሮጌዋ፣ ከኋላ ሁለት ሰው የምታስተኛዋ። መካኒኩ ሌላ መኪና ሥር ተጋድሟል፤ ሰው የሚለየው በጫማው ነው። «እትዬ፣ እንዴት ዋሉ? ዘይቷን ቀይሬ ጨርሻለሁ። እኔ ላምጣት ወይስ እርስዎ ይነዷታል?» አላት ከዚያው ሆኖ።

«ጋሽህ የት ሄዶ?» አለች፣ ድምፇን እንደ ምንም አድርጋ።

«ኧረ እሳቸው መሪ መንካት ከተዉ ስንት ጊዜያቸው! ያው እኔ አይደለሁ ወስጄ የማመጣት? ወንበሩን ደግሞ እንዳትነካ፣ የሷ ልክ ነው ብለውኝ በዚያች ጠባብ ወንበር ጉልበቴ አለቀ፣ እትዬ ሙት!» መፍቻው አንዴ ከብረት ጋር ተጋጨና ጸጥ አለ። ጥቁር ዘይት የነካው ፊት ከመኪናው ሥር ብቅ አለ። «ያውቃሉ ብዬ እኮ ነው» አለ።

«አውቃለሁ እንጂ» አለች መጋረጃ ሰፊዋ። ውሸት አልለመደችም፤ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ሐኪሙ ያውቃል፣ ልጁ ያውቃል፣ ማዶ ያለችው ልጅ ታውቃለች፣ ይኸው መካኒኩም ያውቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ያሉት እውነታቸውን ነው፤ ባንድ ትራስ የምታድረው እሷ ብቻ ናት ያላወቀችው። በሩን ከፍታ ገባች። ወንበሩ ወደ ፊት ተስቦ፣ ላዩ ላይ የራሷ ትራስ ተደርጎ፣ መስታወቶቹ ሁሉ ወደሷ ዓይን ተቃንተው ጠበቋት። ባሏ ረጅም ሰው ነው። እንዲህ ሆኖ መንዳት ቀርቶ በበሩም አይገባም። እስከ ዛሬ እሷ ከተለማመደች በኋላ መልሶ የሚያስተካክለው ነበር የሚመስላት። ለካ ማንም አልነካውም።

መንጃ ፈቃዱስ ቢሆን? ረጅም መንገድ ነው፣ ድንገት ሆዴን ቢያመኝ እያለ ጨቅጭቆ፣ ጨቅጭቆ ነው ያስወጣት። ሁለቴ ወድቃ በሦስተኛው ያለፈች ቀን ልጃቸው ኬክ ገዝቶ መጥቶ «እማዬ ሾፌሯ!» እያለ ሲስቅ አመሸ፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩን አንስቶት አያውቅም፣ ከኬኩ ጋር አብሮ የተበላ ነው የመሰለው። ባሏ ግን አልተዋትም። በየቀኑ ጀምበር ስትበርድ ከቤታቸው ፊት ለፊት ያለችው መተላለፊያ ላይ ሁለት ሳንቃ አንጥፎ፣ በሷው የልብስ ጠመኔ መስመር አስምሮ በኋላ ማርሽ ያስገባታል፣ ያስወጣታል። ጎረቤት ወንበር አውጥቶ ያያል። «ጋሽ ናና ሥራው አምሮት ነው» ይላሉ። እሷም እንደዚያው ነበር የመሰላት፤ ይጫወት፣ ምን ቸገረኝ ብላ ነበር የምትታዘዘው። ሞተሩን አስነሳችና በአንደኛ ማርሽ እየጎተተች ወደ ቤት ሄደች።

ጋሽ ናና በር ላይ ቆሟል። «ሁለተኛ ማርሽ ደግሞ አለ፣ ታውቂያለሽ?» አላት። «ከማዕዘኑ ጀምሮ ስትጮህ ነው የመጣችው፣ ምስኪን።» ተከትላው ገባችና ቁልፉን ሚስማሩ ላይ ሰቀለች። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ የፊተኛው ውስጥ የስፌት መኪናዋና ረጅሙ የመቁረጫ ጠረጴዛ አለ፤ ቁርስም የሚበላው፣ ጨርቅም የሚቆረጠው፣ አሁን ደግሞ አገር የሚታቀደው እዚያው ላይ ነው። ካርታው ተዘርግቶ በአንድ ጥግ መቀሱ፣ በሌላው ካውያው ተጭኖበታል። የደንበኛ መጋረጃ በከረጢት እንደታሰረ ወንበር ላይ ተጥሏል። «ተቀመጪ፣ ሻይ ላምጣልሽ፤ ዛሬ ሁለተኛውን ባሕር ጨርሼዋለሁ» አለና ወደ ውስጥ ገባ። ግድግዳውን በጣቱ ጫፍ እየነካ ነው የሚሄደው። ስንት ጊዜ አይታዋለች ይህን! ያረጀ ሰው አመል ነው ብላ አልፋዋለች።

ምን እንደነካት አታውቅም፤ መቀሱንና ካውያውን አነሳችና ካርታውን ገለበጠችው፤ የላይኛውን ጠርዝ ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ አዙራ። ክብደቶቹን መልሳ አስቀመጠች። ባሏን እንደ ተማሪ ልትፈትነው፣ ወይ ነዶ! ልትመልሰው እጇን ስትዘረጋ እሱ ሻዩን ይዞ ተመለሰ፣ ብርጭቆውን ከጠረጴዛው ጠርዝ ገባ አድርጎ አስቀመጠላት፣ ጎንበስ አለና ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። «ይኸውልሽ፣ ከዚህ ወደብ እንነሳለን» አለ። ጣቱ ያለው ባሕሩ መሃል ነው። «እዚህ ደግሞ የመጀመሪያው ጀልባ። አዲስ ነው፣ በሁለቱም በኩል በር አለው፣ በፊትሽ ገብተሽ በፊትሽ ትወጫለሽ፤ እሱ ጨዋታ ነው። ሁለተኛው ነው የድሮው።» ጣቱ ተራራውን ወጣ፣ በረሃውን አቋረጠ፣ ስም የሌለው ቦታ ላይ ቆመ። «እዚህ ጋ በኋላ ማርሽ ነው። ካፒቴኑ ቁጡ ነው አሉ፤ አትስሚው፣ አንቺ የምትሰሚው መኪና አስገቢውን ብቻ ነው።» መጋረጃ ሰፊዋ ቀስ ብላ መቀሱን አነሳች፣ ካውያውን አነሳች፣ ካርታውን ወደ ልኩ አዞረችው። ከውጭ የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል።

«ስትገለብጪውም ሰምቼሻለሁ» አለ ጋሽ ናና። «ወረቀት ሲዞር ይጮሃል።»

«ታዲያ ለምን አትናገርም?»

«አንቺ እስክትናገሪ ብዬ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው። ያን ጊዜ ተቀመጠ። ወደ መስኮቱ ዞር ብሎ በዓይኑ ዳር አያት፤ ለካ ስታኮርፍ እንደዚያ የሚያያት ስላዘነ አልነበረም፣ ለማየት ነው። «ፊትሽ የጠፋብኝ ጊዜ ነው» አላት። «ጠዋት ስነሳ ጸጉርሽ አለ፣ ነጠላሽ አለ፣ መሃሉ ጭጋግ። እንዲህ ጎኔን ሳዞር ትመጫለሽ፣ ሳፈጥብሽ ትሄጃለሽ። ያኔ ነው መንጃ ፈቃድ አውጪ ያልኩሽ።» መቆጣት ፈልጋ ነበር፤ ቁጣው የት እንደገባ እንጃ። «እና ለኔ አትነግረኝም? ለመካኒክ ነግረህ?» አለች። «ብነግርሽ ዓይንሽን እኔ ላይ ትተክይው ነበር» አለ። «መብል ስበላ፣ ደረጃ ስወርድ፣ ጫማ ሳስር እኔን እኔን ስታይ ትውይ ነበር። እኔ ዓይንሽን የፈለግሁት መንገዱ ላይ ነው።»

አለቀሰች። ደበቅ አድርጋ አይደለም፣ እንደ ልጅ። እሱም ተዋት። ከዚያ አፍንጫዋን በቁርጥራጭ ጨርቅ ጠርጋ «እና አራት አገር ሙሉ የምነዳው እኔ ነኝ? ከገበያ አልፌ የማላውቀው?» አለች። «እኔስ ከወደቡ አልፌ አውቃለሁ?» አለ ጋሽ ናና፤ ይሄኔ ሳቅ አመለጣት፣ እንባውና ሳቁ ተቀላቀለ። በዚያው ሞቅታ ነገሩ ሁሉ ከአፏ ወጣ፤ መጋረጃው፣ ስልኩ፣ «የትም አይሄዱም»፣ ማታ የሚመጣው ልጅ፣ ጋራዥ የሚባለው ነገር። ሆዷ ውስጥ አያድርም ያለው ልጇ እዚህ ላይ አልተሳሳተም። እየነገረችው ግን የባሏ ፊት ሲወርድ አየች። መጨረሻ ላይ ካርታውን ከጥጉ አነሳና ማጠፍ ጀመረ። «ይውሰዳት» አለ። «የኔን ዓይን ተቋቁሜ ነበር። የልጄን አልችልም። ልጅ ካላመነህ ምን መንገድ ትወጣለህ?» ካርታውን አንዴ አጠፈ፣ ሁለቴ አጠፈ፤ በእጁ ውስጥ መሐረብ አከለ።

መጋረጃ ሰፊዋ በዚያች ደቂቃ ፈርታ እንደነበር በኋላ ለልጇ ነግራዋለች። እውነቱን ለመናገር፣ ደስም ሳይላት አልቀረም፤ አልነዳም ማለት ነዋ፣ ውሃ ውስጥ አልገባም ማለት ነው፣ ትኬት ተገዝቶ በአውሮፕላን ሄዶ የልጅ ልጅን መሳም ነው። ማን ይፈርድባታል? ግን የታጠፈውን ወረቀት አየችው። ለዚህ ሰው ማዶ መሻገር ማለት ምን እንደሆነ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ የሰው መንገድ ሲተርክላት ያመሸው እሷ ጋ ነው። ዛሬ ካጠፈው ሁለተኛ አይዘረጋውም። ዓይኑ ሲሄድ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ግድግዳ ይዳስሳል፣ አለቀ። «አጥፈህ ምን ልትሆን ነው?» አለችው። «ዘርጋው።» አልሰማትም። «ዘርጋው እኮ ነው የምልህ አንተ ሰውዬ! ያልጨረስኩት መጋረጃ አለኝ፣ ጠረጴዛዬን ይዘህብኝ ነው የዋልከው፣ በከንቱ ነው እንዴ?» ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አንስታ ወጣች።

ልጃቸው ሲመጣ ጀምበር ልትጠልቅ ነበር። መተላለፊያው አፍ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሳንቃዎቹ ተነጥፈዋል፣ መስመሩ በሰማያዊ ጠመኔ ተሰምሯል፣ አባቱ ከመስመሩ ጫፍ አንድ ጆሮውን ወደ መንገዱ ሰጥቶ ቆሟል፤ ዓይኑ ያለው የጎረቤት አጥር ላይ ነው። ከላይ በኩል መኪናዋ ጀርባዋን ሰጥታ ታጉረመርማለች። «ማነው እሱ?» አለ ጋሽ ናና የጫማ ኮቴ ሰምቶ። «እኔ ነኝ አባዬ።» «ደግ መጣህ። ከመንገዱ ዞር በል፣ ጀልባ እየጫንኩ ነው።»

«መሪው ላይ እማዬ ናት እንዴ?»

«መንጃ ፈቃድ ያላት እሷ አይደለች? ኬኩን የገዛኸው አንተ ነህ» አለና እጁን ከፍ አደረገ። «ነይ! ነይ፣ ነይ፣ ነይ!» መጋረጃ ሰፊዋ በመስታወቱ ሁለቱንም ታያቸዋለች፤ አሮጌውን በጆሮው የሚያየውን፣ ወጣቱን እጁን ኪሱ ከቶ የደነገጠውን። «ግራ ቁረጪ! መልሺ! ነይ!» የኋላው ቀኝ ጎማ ሳንቃውን ሳተና ዱብ አለ። «እማዬ ተይው በቃ! ትጎጃለሽ!» ብሎ ልጇ ሮጠ። አባቱ በክንዱ አገደው። «ሾፌር ላይ አይጮህም» አለው፣ በዝግታ። «ስትጮህበት ወደ ውሃው ነው የሚሄደው።» እሷ ወደ ፊት ወጣች። ጎማዋን አቃናች፣ ትንፋሽ ወሰደች፣ ጨርቅ ከመቁረጧ በፊት እንደምታደርገው ከንፈሯን ነከሰች። እንደገና መጣች፤ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ። ጎማዎቹ እንጨቱ ላይ ሲወጡ ድምፁ ተለወጠ፣ ጋሽ ናና ያንን ድምፅ ነበር የሚጠብቀው። «በቃ!» አለ። መኪናዋ ከመስመሩ ሳታልፍ ቆመች። መጥቶ ጣሪያውን ዳሰሰና በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ አደረገው።

ሞተሩን አጥፍታ መስኮቱን አወረደች። «መጋረጃህ ጀርባ ነበርኩ» አለችው ልጇን። «ሁሉንም ሰምቻለሁ።» ልጁ እንደ ተሰበረ ነገር ቁጢጥ አለና ጭንቅላቱን በሩ ላይ አስደገፈ። «ፈርቼ እኮ ነው እማዬ» አለ። እጇን በመስኮት አውጥታ ጸጉሩን ነካችው። «እኔስ አልፈራሁም? ይኸው እግሬ አሁንም ይርዳል። ፈርተህ ከሆነ ፈራሁ በል፤ ጋራዥ አትበል። ከጋራዥማ ዛሬ ወጣች።» ልጁ ሳቀ፣ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «አውራ ጎዳናው ላይስ? ማታስ?» አለ። «ማታ አንነዳም» አለ ጋሽ ናና። «አውራ ጎዳናውን ደግሞ እሑድ እሑድ አንተ ታለማምዳታለህ። እሱ መሬት ነው፣ እኔ ውሃ ውሃውን ነው የማውቀው።» ልጁ አባቱን አየው፤ አባትየው ጎኑን ሰጥቶ በዓይኑ ዳር አየው። ልጁ የአባቱን እጅ አንስቶ የገዛ ትከሻው ላይ አደረገው። ትንሽ ቆይቶ ራቅ ብሎ ስልኩን አውጥቶ ለእህቱ ደወለ። «ሄሎ? አዎ፣ እነሱ ጋ ነኝ» ሲል ይሰማል፤ አሁን የሚደበቅበት መጋረጃ የለም። «አልወሰድኳትም። አይደለም፣ ስሚኝ፣ እየመጡ ነው። እማዬ ናት የምትነዳው። እማዬ እኮ ነው የምልሽ! ምን ያስለቅስሻል ታዲያ?»

ጋሽ ናና ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለ። ልክ እንደ ሥራው ዘመን፣ አንድ እጁን ጣሪያው ላይ፣ አንዱን በሩ ላይ አድርጎ።

«ወዴት ነሽ፣ እመቤት?» አለ።

መጋረጃ ሰፊዋ ይህን ጥያቄ ስንቱን ሰው እንደጠየቀው ስትሰማ ነው የኖረችው። እሷን ጠይቋት አያውቅም። ሁለት እጇን መሪው ላይ እንዳደረገች ፊት ለፊቷን አየች፤ የመተላለፊያው አፍ ክፍት ነው፣ ከዚያ ወዲያ ዋናው መንገድ አለ።

«ማዶ፣ ልጄ ጋ ነኝ» አለች። «አንተስ? ትገባለህ ወይስ እንደ ወትሮው ከዚህ ትቀራለህ?»

ጋሽ ናና እጁን ከበሩ ሳያነሳ፣ መኪናዋን በፊት በኩል እየዳሰሰ ዞረ፤ እጀታውን ፈልጎ አገኘው፣ ከጎኗ ገባና በሩን ዘጋ።